አንዲት «አ»

ጥቅምት 11
ከሆስፒታል ከወጣሁ ሦስተኛ ቀኔ። ሻይ፣ ዳቦ፣ ክኒን። ደግነቱ የተሰፋው የግራ ትከሻዬ ነው፤ ቀኜ ይጽፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ምንም ሳልሆን፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ እሽግ ወረቀት ላውርድ ብዬ ጅማቴን በጠስኩት።

ልብስ ስቀይር ክርኔ በድንገት ተዘረጋ። ጮህኩ። ያ የእኔ ድምፅ ነው?... ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ባለቤቴ ሸሚዜን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ውሃ ጣሪያ ድረስ ቢፈነዳ አይደነግጥም። ዛሬ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ገረጣ።

ጥቅምት 12
የሆስፒታሉ መመሪያ በጥቃቅን ፊደል ነው የተጻፈው። ነርሷ በቃል ያስረዳችኝ ደግሞ ማደንዘዣው በደንብ ሳይለቀኝ ስለነበር አንዱም ትዝ አይለኝ። ባለቤቴ፣ «ዓይንሽን አታድክሚ አለቃ፣ እኔ እገለብጥልሻለሁ» አለና በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈልኝ።

«መዳኒት ከምግብ በሁዋላ።» «በርዶ በቀን ሦስቴ።» «ትካሻዎን አያንሱ።» «ክርንዎን አያንቀሳቅሱ።»

ከላይ እስከ ታች አራት ስህተት ቆጠርኩ። ሳንጋባ የላከልኝን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ የመለስኩለት ሴት ነኝ፤ ዛሬም ያነሳብኛል። አሁን ግን ዝም። ሰው እንዲህ ሲለፋልሽ ፊደል ትለቅሚያለሽ?

ጥቅምት 19
ፀጉሬን አበጠረልኝ። ማሰሪያ ሲያጣ በቧንቧ ጎማ አሰረው። «አያፈስም» አለኝ። ስስቅ ትከሻዬን አመመኝ።

ጥቅምት 30
ክንዴ በማንጠልጠያ መታሰሩ እጅ እጅ አለኝ። ከሥራ ቦታ ታይፒስቷ ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቱካን ይዛ መጣች፣ ወሬም ይዛ መጣች። «የአክስቴ ክንድ እንዲሁ ታስሮ ደርቆ ቀረ፤ ጆሮዋን እንኳ መንካት አቃታት።»

እንዲህም ብሎ ማጽናናት አለ? ከሄደች በኋላ በመስታወት የግራ ጆሮዬን አየሁት... ሩቅ ነው።

ኅዳር 10
ከነገ ወዲያ ፊዚዮቴራፒ እጀምራለሁ። «ሰፊ ልብስ ለብሰው፣ ወረቀቶችዎን ሁሉ ይዘው ይምጡ» ተብያለሁ። ጠዋት ወረቀቶቹን ሳሰናዳ ዋናው መመሪያ ወጣ። ልማድ ሆኖብኝ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት።

«ክርንዎን ያንቀሳቅሱ።»

ያንቀሳቅሱ! አምስት ጊዜ አነበብኩት። ክው አልኩ። አንዲት አ! አንድ ወር ሙሉ አንቀሳቅሺው የተባልኩትን ክርን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ከረምኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አራት ብዬ የቆጠርኩት አምስት ኖሯል።

ልዘረጋው ሞከርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እንደ አክስትየዋ ሊቀር ነው? ልብሴን ማን ሊያለብሰኝ ነው ዕድሜ ልኬን?... ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ አለቀስኩ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በእሱ ስህተት መሆኑን ከሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

ኅዳር 12
ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ እጇ ግን አይቸኩልም። ትከሻዬን ዙሪያውን ዳበሰች፣ በቀስታ አነሳችው፣ መለሰችው። «ጅማቱ በደንብ ይዟል።» እፎይ! ክርኔ ላይ ስትደርስ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄን አላንቀሳቀሱትም እንዴ?»

ባለቤቴ ጥግ ላይ ካለው ወንበር አንገቱን ደፋ። ቀደም ብዬ፣ «መመሪያው ሲገለበጥ ስህተት ገብቶበት ነው» አልኩ።

«ግድ የለም፣ ይፈታል። ያምዎታል እንጂ ይፈታል።» ሦስተኛ ጊዜ አስደገምኳት። ይፈታል! ከዚያ ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ የሚያጥፍና የሚዘረጋልኝ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረችን፤ አያያዙንም ለባለቤቴ አሳየችው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፦

«አለቃ።»

«እ?»

«ስህተት አይደለም።»

«ምኑ?»

«ያቺ አ። አውቄ ነው የጻፍኳት። ያን ቀን የጮህሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ትንሽ ሲሻላት እሰርዛታለሁ ብዬ... ከዚያ ልነግርሽ ፈራሁ።» አንድ ፌርማታ አለፍን። «ካርቶኑ ላይ ሳልሳሳት የጻፍኳት እሷ ብቻ ናት።»

ሊያስቀኝ ብሎ አይደለም። እኔም አልሳቅኩም። ተናደድኩ፣ በጣም። የማን ክንድ ነው? እኔን ሳይጠይቅ? ቤት ገብተን ምሳዬንም እራቴንም ጀርባዬን ሰጥቼው በላሁ።

ኅዳር 13
ጠዋት ካርቶኑ ፍሪጁ ላይ የለም።

«ለክርኑ ሥራ ታይፒስቷን ብንለምናትስ?» አለኝ።

«አንተ ነህ የምትዘረጋው።»

«ካመመሽስ?»

«ያመኛል። እጮሃለሁ። አታቁም።»

ጮህኩ። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ። «ቀጥል!» አልኩት። ቀጠለ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው፤ ፊቴን እያየ አይችልም። ንዴቴ አልወጣልኝም። ላቡ ከግንባሩ ሲንጠባጠብ ግን አንጀቴን በላው።

ኅዳር 22
ክርኔ ትንሽ ተዘረጋ። ትንሽ ተሳደብኩ። እሱም ትንሽ መለሰልኝ፤ ሰላም ወርዷል ማለት ነው።

ኅዳር 27
ባለሙያዋ ማንጠልጠያውን አወለቀችው። ክንዴ ቀለለኝ፣ አንገቴም ቀለለኝ። ትከሻዬን ማሠራት የምንጀምረው ክርኔ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ነው። ገና ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልቸኮለችም።

ታኅሣሥ 5
ጠዋት። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሱ ከፊቴ በርጩማ ላይ። አንድ እጁ ከክርኔ ሥር፣ አንዱ አንጓዬ ላይ። እንደ ሁልጊዜው ዓይኑን ጨፈነ። አምስት... ስድስት... ስምንተኛው ላይ ጥርሴን ነክሼ ሕመሙን ጠበቅኩ።

አልመጣም።

ክንዴን አየሁት። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ድምፄ ሲጠፋበት ጊዜ ይባስ ብሎ ዓይኑን ጨመቀ።

«አመመሽ?»

«ዓይንህን ግለጥ» አልኩት።

ገለጠ። መጀመሪያ ፊቴን አየ። ከዚያ ነው ክንዴን ያየው።