ሐዲድ የሌለው ትራም

ይድረስ ኩዌት ላለችው ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? የቤታችሁ ማቀዝቀዣስ ጤናው እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስታለቅሺ ከኋላሽ ሲያንጎራጉር የሰማሁት እሱ መሰለኝ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ከእግሬ፣ ከወገቤና ከህሊናዬ በቀር የሚያመኝ የለም።

አዋጅሽ ተፈጽሟል። አባባን ዛሬ ቪክቶሪያ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አድርሻቸዋለሁ። «እንዴት እንደሆነ አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ» ብለሽ አልነበር? እንግዲህ ሳላስቀር ስሚ።

እውነቱን ለመናገር አዋጁን ያወጣሽው አንቺ ብትሆኚም ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አባባ ጋዙን ከፍተው ክብሪት ሲፈልጉ ባልደርስባቸው ኖሮ የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ ያለ ሐጅና ያለ ጾም ጀነት ይገባ ነበር። ከታች ያለችው ኡም ራጊብ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ሐጂ በሲዩኒን እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው፤ ግን ከእሳቸው ጋር በአንድ ቀን መሞት አልፈልግም፤ ዓሣ ጥጄ ነው የመጣሁት» አለች።

በሰፈራችን በባሕሪ፣ አባቱን ለባዕድ ቤት ያስረከበ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ስንወጣ ለኡም ራጊብ «ሐኪም ጋ ነው» አልኳት። እሷም ሻንጣውን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ሐኪሙ ብዙ ልብስ ያስለውጣል ማለት ነው» አለችኝና በሯን ዘጋች።

ለአባባ ደግሞ ሌላ ውሸት ነበረኝ። ቪክቶሪያ ያለው የትራም ጋራዥ ለሥራ ጠርቶዎታል አልኳቸው። ወዲያው የድሮውን የቲኬት ቆራጭነት ልብሳቸውን ለበሱ፤ ቆቡን ደፉ፤ ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ታክሲ ሳቆም ግን ተቆጡ። «የትራም ሰው በታክሲ ሥራ ሲገባ የት አይተዋል?» አሉኝ። «አይተዋል?» ነው ያሉኝ፤ አንቱ ብለው። ልጃቸው መሆኔን ከረሱ ቆይተዋል። ትራሙ እንደሆነ ቆሟል፣ ሐዲዱም ለእድሳት ተነቅሏል። እና ምን እናድርግ? ከራምል ጣቢያ እስከ ቪክቶሪያ በእግር! ልጅሽ ካርታ ላይ ያሳይሽና ለጉልበቴ ዱዓ አድርጊ።

ራምል ላይ እድሳቱን ከከለለው የቆርቆሮ አጥር ፊት ቆመው ፊሽካቸውን ነፉና «ሴቶች ወደ ፊተኛው ፉርጎ!» ብለው ጮኹ። ወላሂ ሁለት ሴቶች ወደ ፊት ተጠጉ። እስክንድርያ አብዳም ቢሆን ሥርዓት አልረሳችም።

ከዚያ አጥሩን ተከትለን አቧራ እየቃምን ሄድን። ጣቢያ በነበረበት ሁሉ ይቆማሉ፤ «ሻትቢ! ወራጅ አለ?» ይላሉ፤ የማይታዩት ሰዎች ወርደው እስኪያልቁ ይጠብቃሉ። ጣቢያ አንድም አልተሳሳቱም። የልጆቻቸው ስም የጠፋባቸው ሰውዬ! ካምፕ ቄሳር ስንደርስ በመንገዱ ጫፍ ባሕሩ ታየ፤ ዋና ያስተማሩን ቦታ። ትንሽ ተስፋ አድርጌ «ልጆች አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ባሕሩን አይተው አሰቡ። «ቲኬት ቆራጭ ልጅ የለውም» አሉኝ። «ያሳፍራል፣ ያወርዳል፤ በቃ።»

ኢብራሂሚያ ላይ ጉበት ጠባሹ ዘቅዙቅ በሩቁ አወቃቸው። «ሐጂ! ትራሙን የት ጣሉት?» ቢላቸው፣ «ከኋላዬ አለ፤ ሆድህ ጋርዶህ ነው» አሉት። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ቃሪያ የበዛበት ጉበት በዳቦ አድርጎ አበላቸው። ከዚያ ዓይኑ ሻንጣው ላይ ወደቀ። «አንተስ፣ ጠበቃው፣ ወዴት ነው?» አለኝ። «ንፋስ ልንቀበል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አላየኝም። የኔን ዳቦ ሳይቀር ያቀበለኝ ጉበቱን እያየ ነው።

ከግሊም ጣቢያ በኋላ ደከሙ። ኮርኒሹ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር መንገድ አስቀመጥኳቸው፤ ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ ጫማችንን ይረጨናል። ቀስ ብዬ «ካልቻሉ እንመለስ?» አልኳቸው። እህቴ፣ አንዴ ብቻ «አዎ፣ ቤቴ መልሰኝ» ቢሉ ኖሮ አዋጅሽን ከነማኅተሙ ለባሕሩ እሰጠው ነበር። እሳቸው ግን ቆባቸውን አቃኑና «ሕዝብ ይጠብቀናል» ብለው ተነሱ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የዓለም ፍዳ ነው።

ቤቱ እንዳልሽው ንጹሕ ነው። ኃላፊዋ ማዳም ኢንሺራሕ የጥርስ ሐኪም ዓይነት ፈገግታ አላት፤ «ትንሽ ነው የሚያመው» የሚል። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል።

የትራሙ የእንጨት ወንበር ዘመን ትዝ ይልሻል? መጨረሻው ጣቢያ ላይ ትራሙ አይዞርም፤ መደገፊያው ይገለበጥና ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል። መገልበጡን አባባ ሁልጊዜ ለአንቺ ነበር የሚሰጡት፤ እኔ ደግሞ አለቅስ ነበር። ዛሬም አባባ ሳሎኑን አንዴ ቃኙና ሥራ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ በትሕትና እያስነሱ ወንበሩን ሁሉ ወደ ራምል አዞሩት። ነጠላ ጫማ ያደረገ አንድ ሽማግሌ «ራምል ያደርሳል?» አላቸው። «ያደርሳል፤ ይቀመጡ» አሉት። አንዲት አሮጊትም ማንም ሳያዛት ሄዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ወደኔ መጡ። «እርስዎስ? ወራጅ ነዎት ተመላሽ?»

ጠበቃ ነኝ፤ ስንት ዳኛ ፊት ስንት ቃል የደረደርኩ ሰው ነኝ። «ወራጅ» አልኩ።

«እንግዲያው ፈጠን ይበሉ፤ ትራም ሰው አይጠብቅም» አሉና እስከ በሩ ሸኙኝ። እዚያ ስንደርስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «ግራ እግርህን አስቀድም» አሉኝ። «ስትወርድ ወደ ኋላ አትይ፤ ትወድቃለህ። ለኩዌቷም ሰላም በልልኝ። ወንበሮቹን ዛሬ ብቻዬን እንዳዞርኩ ንገራት።»

ማዳም ኢንሺራሕ በሩን ስትዘጋ፣ «አዩ? ምንም አልታወቃቸውም፤ እንደሱ ይሻላል» አለችኝ። ይሻላል አልኳት።

ይህን የምጽፍልሽ የቪክቶሪያ ጣቢያ በነበረበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ የመግሪብ አዛን ሊል ነው። ታክሲዎቹ እየቆሙ ይጠሩኛል፤ ትራም እየጠበቅሁ ነው እያልኩ እመልሳቸዋለሁ፤ እነሱም «አላህ ይማርህ» ብለውኝ ይሄዳሉ።

አላህ ትዳርሽን ይባርክ፣ ጤናሽን አያጓድልብሽ። ልጆችሽንም ያሳድግልሽ፤ ወንበር ማዞር የሚያውቁ ልጆች ያድርግልሽ።

ወራጁ ወንድምሽ