ከመጨረሻው ወንበር የሚታይ በር

ሐምሌ 4

ዛሬ ሰባት መጻሕፍት ጠገንኩ። ስድስቱን ልጆች ናቸው የቀደዷቸው፤ ሰባተኛውን አዋቂ። የአዋቂው ይብሳል። ልጅ የሚቀድደው ቸኩሎ ነው፤ አዋቂ ግን የፈለገውን ገጽ መርጦ፣ በምላጭ።

የጥገና ክፍላችን አንድ መስኮትና ሁለት ጠረጴዛ ነው። አለቃዬን ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ «እትዬ ሙጫ» ይላቸዋል። በሥራቸው ብቻ አይደለም፤ የያዙትን ወሬ ስለማይለቁም ነው።

በምሳ ሰዓት ዝርዝሬን ጨረስኩ። ከኮሌጆች መመሪያ መጽሐፍ ያወጣሁት... ሥዕልና ትያትር በዲግሪ የሚያስተምሩ አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ፊት ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ትምህርቱ ምን ይመስላል? ዲግሪው የታወቀ ነው? እኛ እንችለዋለን? ሦስተኛው ጥያቄ ዘጠኙን ጠራረጋቸው። ሁለት ቀሩ።

ጊዜ የለኝም። አጎቴ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የጸሐፊነት ቦታ አስይዞልኛል፤ እስከ ጳጉሜ መጀመሪያ ብቻ ይጠብቁኛል። እስከዚያ ኮሌጅ ካላገኘሁ እገባለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃል ደግሞ ቃል ነው።

የምፈልገውን ለራሴም ቢሆን በትክክል ላስፍረው፦ የመድረክ ሥዕል። ከተዋናዩ ጀርባ የሚቆመውን ዓለም መሥራት። በአሥራ ሁለት ዓመቴ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ባሕር አየሁ። ሰማያዊ የተቀባ አንሶላ ነበር። አንሶላ መሆኑንም አውቄያለሁ። ግን እግሬን ወደ ወንበሩ ሰበሰብኩ... እንዳይረጥብብኝ።

ሐምሌ 9

ከሁለቱ አንደኛውን አይቼ መጣሁ። ሁሉ ነገሩ መስታወት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ተማሪ ስትዘል አየሁ። ዘለለች፣ ወረደች፤ ወለሉ አልሰማም። እንዴት ነው ሰው ከወለሉ ተደብቆ የሚያርፈው? እዚያው ቀረሁ። መዝጋቢዋ ሁለቴ ጠሩኝ።

መመሪያው «ሰፊ የክፍያ ቅናሽ አለ» ይል ነበር። አለ። ግን አባትና እናት ለሌለው ብቻ ነው።

«ሁለቱም በሕይወት አሉ?» አሉኝ መዝጋቢዋ፣ እያዘኑልኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሉ።»

እንዲህ ያለ ምስጋና እንደ ጥፋት ሲቆጠር መጀመሪያዬ ነው።

ሐምሌ 10

አጎቴ ለምሳ መጣ። ነገሩን ሳወራ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ታዲያ ምን ቸገረ? ወላጅ የላትም የሚል ወረቀት ይወጣላ! የማውቀው ሰው አለ፤ ማኅተሙን ከኪሱ ነው የሚያወጣው።»

«እኔስ?» አለ አባዬ።

«አንተማ ለአራት ዓመት ብቻ ነው የምትሞተው።»

አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ነገር ሲመጣለት ጣቶቹን እንደ መቀስ ያንቀሳቅሳል። «ቆሜ ካላስተማርኳት ሞቼ ላስተምራታ! ግን ደንበኞቼ እንዳይሰሙ። በሞተ ሰው እጅ ጢሙን ማን ይላጫል?»

«እኔንስ አብራችሁ ልትቀብሩኝ ነው?» አለች እማዬ። «ቢያንስ ለየብቻ ቅበሩን፤ ሲያንኮራፋ እዚያም ልሰማው ነው?»

ሳቅን። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ እንደማልፈርም ተናገርኩ።

«ልጄ፣ ማን ተጎዳ? የሚከፍለው ሕንፃው አይደል እንዴ!»

«ያ ቦታ የእውነተኛ ወላጅ አልባ ልጅ ነው፣ አጎቴ። እሱን አስነስቼ ነው የምቀመጠው።»

«ይቺን ልጅ መጽሐፍ ነው ያበላሻት» አለና ማንኪያውን መልሶ አነሳ።

አባዬ እጁን ሲታጠብ ፎጣ ያዝኩለት። ቀስ ብሎ «ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ እቀየምሽ ነበር» አለኝ። «ባለመፈረምሽ ደግሞ አዘንኩልሽ።»

ሐምሌ 15

ሁለተኛው ኮሌጅ መልስ ሰጠ። የሥዕል ክፍሉን ከዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዝርዝሩ አለቀ።

ሐምሌ 22

የዛሬውን ሳልረሳ ለመጻፍ ልሞክር።

ጠዋት በገመድ የታሰረ ጥቅል ለጥገና መጣ። የተውኔት ቅጂዎች ናቸው፤ ጀርባቸው የተላቀቀ፣ ጠርዛቸው ቀለም የነካው። አንዱን ስገልጥ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ላይ ይነጋል። ቀስ ብሎ፤ እስከ አርባ ቆጥረህ።» ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ሰማያዊ።

ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቆሞ፣ በእጁ እያነጋ፣ እስከ አርባ ይቆጥራል...

«እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የዚያ ኮሌጅ ነዋ! የድሮው የክር ፋብሪካ ውስጥ ያለው። በየሁለት ዓመቱ ይልካሉ። ሲያነቡ ነው ሲታገሉ እንዲህ የሚያደርጉት?»

«መመሪያው ላይ የለም።»

«መመሪያው ላይ ለመውጣት ይከፈላላ! እነዚህ ቀለም መግዣ ያጡ ሰዎች ለማስታወቂያ ሊከፍሉ?»

«ዲግሪ ይሰጣሉ?»

«የመንግሥት ኮሌጅ አይደል እንዴ! ተማሪው ጠዋት ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ለመድረኩ ይሠራል። ክፍያውን በጉልበቱ ቻለ ማለት ነው።» መነጽራቸውን አውርደው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮሌጅ ስትፈልጊ እኔን ያልጠየቅሽው ለምንድን ነው?»

ለምንድን ነው? የታተመ ነገር ብቻ ስለማምን። ይህን ልጻፈው፤ ጥፋቴ ነው።

ሐምሌ 25

ትምህርት ቢሮ ሄጄ መዝገቡን አስከፈትኩ። እውነት ነው፤ ዲግሪው የታወቀ ነው። እትዬ ሙጫ ይህን ሲሰሙ «እኔን ትተሽ መዝገብ አመንሽ!» ብለው እስከ ምሳ አኮረፉኝ።

ነሐሴ 3

ኮሌጁን አየሁት።

ከውጭ ሲታይ ማንም የማይፈልገው ግድግዳ ነው። ውስጡ... ማሽኖቹ ወጥተው ወለሉ ብቻ ቀርቷል፤ ከዳር እስከ ዳር ሸራ ተነጥፎበታል። ሰዎች በካልሲ በሸራው ላይ ይራመዳሉ። ብሩሾቻቸው እንደ መጥረጊያ ረጃጅም ዘንግ አላቸው፤ ቆመው ነው የሚሥሉት። አንዷ ግራጫ ቀለም እየጎተተች ወደ ኋላ ስትሄድ ከፊቷ ጭጋግ ይቀራል። ማንም አያወራም። የዘንግ ድምፅ ብቻ፣ ሽው... ሽው...

ቤተ መቅደስ የገባሁ ይመስል ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ ቆሜያለሁ። ማንም አውልቂ አላለኝም።

ፈተናው ነሐሴ 16 እና 17 ነው። ስልሳ አመልካች፣ አሥራ ሁለት ቦታ።

«ምን ይዤ ልምጣ?» ብዬ የበሩን ጠባቂ ጠየቅኩ።

«ንጹሕ ካልሲ።»

ነሐሴ 16

ርእሱ «ሰው አሁን የወጣበት በር» ነበር። ለእያንዳንዳችን አራት እርምጃ የሚያህል ሸራ ወለሉ ላይ ሰጡን።

ተንበረከክሁ። ከጥገና ክፍል ያመጣኋትን ቀጭን ብሩሽ አወጣሁ። የእንጨቱን መስመር፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ቀዳዳውን የሳተ ቁልፍ የፋቀውን... ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀና አላልኩም። የሕይወቴ ምርጥ ሥራ መሰለኝ።

ከጎኔ የነበረው አመልካች የቤት ቀለም ቀቢ ነው። ቆሞ፣ መጥረጊያ በሚያህል ብሩሽ።

«እህቴ፣ ቁንጫ ጠፋብሽ?»

«በር ነው የምሠራው።»

«እኔስ? ድስት መሰለሽ?»

ሸራውን አየሁት። ጭቃ የረገጠ ሰው የተንሸራተተበት ይመስላል። አዘንኩለት። በእውነት አዘንኩለት፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ማታ ሸራዎቹ ከአዳራሹ ወንበሮች ፊት ለፊት፣ መድረኩ ላይ ተሰቀሉ። መምህርቷ ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። «እዚህ ቤት ልማድ አለን» አሉ። «መጀመሪያ የሚፈርደው ሠሪው ነው። እያንዳንዳችሁ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጣችሁ በራሳችሁ ሥራ ፍረዱ። እኛ ከእናንተ በኋላ ነን።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀና አልኩ።

የኔ በር የለም። የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሚስማር የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ምንም የለ። ከጎኑ ግን... የቀለም ቀቢው ጭቃ በር ሆኗል። ገርበብ ያለ። በክፍተቱ ብርሃን ገብቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ያ ብርሃን የሄደውን ሰው ገና የሚጠብቅ ይመስላል። ሲሠራው አይቼዋለሁ፤ አራት ጭረት ነው! ከየት መጣ?

ሌሎቹ ተከራከሩ። መብራቱ ደካማ ነው፣ ቀለሙ ቀጭን ነው... ተራዬ ደረሰ። «ቀርባችሁ እዩት» ልል ነበር። አፌ ላይ ነበር።

«ከዚህ አይታይም» አልኩ። «ያልታየ ደግሞ አልተሠራም።»

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አሉ መምህርቷ።

«መጽሐፍ።»

«መጽሐፍ በክንድ ርቀት ይነበባል፣ ልጄ።» ባዶዎቹን ወንበሮች ረድፍ በረድፍ አዩ። «እዚህ ክንድሽ ይህን ሁሉ ማከል አለበት።» ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞሩ። «ነገ እዚያው ሸራ ላይ ትደግማላችሁ። ሌላ ሸራ የለንም።»

ነሐሴ 17

ጠዋት ሥራዬን በነጭ ቀለም ሸፈንኩ። ሚስማሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጥርስ እንደማስነቀል ነበር።

ረጅም ዘንግ የለኝም። ሳልጠይቀው ቀለም ቀቢው የራሱን ወረወረልኝ።

«ቦታው አሥራ ሁለት ነው» አልኩት። «ለምን ታግዘኛለህ?»

«የኔ በር ደረቀ። ታዲያ ቁጭ ብዬ ቁንጫ ስትለቅሚ ልይ?» ትንሽ ቆየና «በጣትሽ አይደለም» አለኝ። «በትከሻሽ። ቆመሽ፣ ተንፍሺና ልቀቂው።»

ቆምኩ። ተነፈስኩ። ለቀቅሁት። እግሬ ሥር የነበረው ጭረት ምንም አይመስልም ነበር... ምንም! እስከ መጨረሻው ወንበር እየሮጥኩ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ጨመርኩ፣ ሮጥኩ። ዘጠኝ ጊዜ። በእጄ ሥር ያለውን ሳላምን መሥራት... ለእኔ ከዚህ የከበደ ነገር የለም።

ሸራው ሲሰቀል አንዲት የሦስተኛ ዓመት የትወና ተማሪ ወጣች። በእያንዳንዱ በር ፊት የምትቆመው እሷ ናት። «ሰው ያልቆመበት የመድረክ ሥዕል ገና አላለቀም» ብለውናል።

ወደ እኔ በር መጣች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እጇን ወደ እጀታው ዘረጋች... አልነካችውም። ቀስ ብላ እጇን መለሰችና ደረቷ ላይ አደረገችው።

እኔ ቀለሙን በባልዲ የበጠበጥኩት ሰው፣ ማን እንደወጣ ለማወቅ ወንበሬ ላይ ወደ ፊት ተንጠራርቻለሁ! ይመለሳል? ተጣልተው ነው? ክፈቺው ልላት ምንም አልቀረኝም።

«ፍረጂ» አሉ መምህርቷ።

«ከማጠፊያው በኩል ያለው ጥላ በዝቷል። የታችኛው ጠርዝ ወለሉን አልያዘም።» እንደገና አየሁት። «ግን በር ነው።»

አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደሆነ አላየሁም።

ነሐሴ 18–27

ምንም የለም። መጽሐፍ እጠግናለሁ። እትዬ ሙጫ ሳይቀሩ ዝም ብለዋል።

ነሐሴ 28

አባዬ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ያለፉት አመልካቾች ቁጥር ዝርዝር ፋብሪካው በር ላይ ተለጥፏል። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ እሱ በጣቱ እየወረደ አነበበ። የመጀመሪያው የቀለም ቀቢው ነው፤ ሲጮህ ሰማሁት። ጣቱ ወረደ... ወረደ... አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ይሄ አንቺ ነሽ?»

እኔ ነኝ።

ጣቱን እዚያው እንዳደረገ ሌላ ሰው እስኪገፋው ቆመ።

ማታ አጎቴ «ያለ ወረቀት?» ብሎ ጠየቀ።

«አባቷ በሕይወት እያለ!» አለ አባዬ።

አጎቴ ጉንጬን ሳመኝ። «እንግዲህ ለጸሐፊነቱ ቁንጫ የምትለቅም ሌላ ልጅ ይፈልጉ» አለ። ያን ያወራሁት ለእማዬ ብቻ ነበር። ምስጢር በዚህ ቤት!

መስከረም 20

ጠዋት ትምህርት። ከሰዓት በኋላ ባልዲ ማጠብ፣ እስከ ማምሻው። ቅዳሜ የጥገና ክፍል። እጄ ከክርኔ በታች ሦስት ዓይነት ቀለም ነው።

ጥቅምት 19

ዛሬ የሦስተኛ ዓመቶቹ ትያትር ለሕዝብ ታየ። ጀርባው ላይ ያለውን ሰማይ አሥራ ሁለታችን ነን አንድ ወር የሠራነው። ግራው ጥግ ያለች አንዲት ደመና የኔ ናት፤ ማንም አይለያትም፤ እንዳይለያትም ነው የሠራኋት።

የዛሬ ሥራዬ ግን ሌላ ነበር፤ አንድ ገመድ። ሰማዩ ከላይ ተጠቅልሎ ነው የሚጠብቀው፤ በሁለተኛው ክፍል ይወርዳል። ገመዱን ሠላሳ ዓመት የያዙት ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ቢያመልጠኝስ?»

«ገመዱ ሥራውን ያውቃል። አንቺ ብቻ አትጣደፊበት።»

ጨለመ። «አሁን» አሉ። ሁለት እጄን እያፈራረቅሁ ለቀቅሁ። ከላይ መዘውሩ ተንሾካሾከ። እኔ ካለሁበት ምንም አይታይም፤ እንጨት፣ አቧራ፣ የተጣጣፈው የሸራው ጀርባ። ብርሃኑ መጣ።

ከዚያ ሰማሁት። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ባንድ ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ።

ገመዱ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ያዢ» አሉኝ ጋሼ።

ያዝኩ።