አጭሯ መዶሻ

ቅዳሜ፣ ማርች 11

እረፍት። ልብስ አጠብኩ፣ ምስር ቀቀልኩ። ባሌ ዘመድኩን ከዳቦ ፋብሪካው ገብቶ እንደ ግንድ ተጋድሟል። ቤዝመንቱ ይቀዘቅዛል... ላንድሎርዱ ‹ሂተሩን ፊክስ አደርጋለሁ› ካለ ወር አለፈው።

ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ የጎረቤታችን የሽማግሌው ጋራዥ ተከፍቷል። እዚህ ሦስት ዓመት ስንኖር ተከፍቶ አይቼው አላውቅም። ውስጡ መኪና አለ። መኪና ልበለው? ጣሪያ የለው፣ ፓራፋንጎ የለው፣ ቀለም የለው። ጎማው ራቁቱን ወጥቷል። ሞተሩ ብቻ በሬ ያህላል። ቆሜ አፈጠጥኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ...

ሽማግሌው ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ለብቻው ያጉረመርማል። ከመሀል አንድ ቃል ሰማሁ። ካንዴላ! ጆሮዬ ነው? እዚህ አገር ሰው ሁሉ ‹ስፓርክ ፕላግ› ነው የሚለው። ካንዴላ የአባባ ቃል ነው። ይሄ ፈረንጅ ከየት አመጣው?

እሑድ፣ ማርች 12

ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ካንዴላ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 18

አልቻልኩም፣ ሄድኩ። በስህተት እኛ ጋ የገባ ደብዳቤያቸው ነበር፤ እሱን ሰበብ አድርጌ።

ስሙ ቪቶ ነው። ጣልያን። ሰባ አንድ ዓመቱ። አርባ ዓመት ሙሉ ለሕንፃ ሲሚንቶ ሲያፈስ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም፤ ደስ አለኝ። እቃውን አንድ በአንድ እያነሳሁ ስሙን ጠራሁለት። ፒንሳ። ካቻቢቴ። ባሌስትራ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ‹አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?›

የማን ልጅ ነኝ... አባባ ቄራ አጠገብ ባትላሜራ ነበሩ አልኩት። የተጨረማመተ መኪና በመዶሻ ቀጥቅጠው የሚያቃኑ። ሥራውንም ቃሉንም የተማሩት ከጣልያን ጋራዥ ነው። አሁን አርጅተው ትተውታል።

መኪናው የ1932 ሞዴል ፎርድ ነው። እዚሁ ባሪ ከተማ አካባቢ የአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት አገኘው። አሥራ አንድ ዓመት ሠራው። ሮድስተር ይለዋል፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያ የሌለው። ፓራፋንጎውን ሆነ ብሎ ነው ያወለቀው! ሞተሩንም በትልቅ ቀየረው። እንዲህ ሲሆን ‹ሆት ሮድ› ነው ስሙ። እኛ ሰፈር እንዲህ ሆኖ የቆመ መኪና ‹ማን ዘረፈው?› ነው የሚባለው። ለምን እንዲህ ታደርገዋለህ አልኩት። ‹ስለሚጮህ› አለኝ። ሽማግሌ ሰው!

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት መልስ የማውለው ጋራዥ ነበር። የእኔ ሥራ እርጥብ ጨርቅ ነው። አባባ ላሜራውን በእሳት ያግላሉ፣ ይመታሉ፣ ‹ጨርቅ!› ሲሉ እኔ ከተፍ። መዶሻ ግን አንድም ቀን ይዤ አላውቅም። ግድግዳው ላይ፣ ከመዶሻዎቹ ሁሉ መጨረሻ፣ እጀታዋ አጭር የሆነች አንዲት መዶሻ ተሰቅላ ነበር። ማንም አይሠራባትም። የማን ነበረች? ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ጠይቄ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ማርች 25

ዛሬ የቪቶ ሚስት አሱንታ ላዛኛ ይዛ ጋራዥ ድረስ መጣች። አይቡ እየተንጠባጠበ። ሁዳዴ ነው፣ ጾም ነኝ አልኳት። ‹ትንሽ!› አይሆንም። ‹ይቺን ብቻ!› ጾም ነው! ‹ጥግ ጥጉን!› በስመ አብ... እኛ አገር ሰው ይለምናል ሲባል! በመጨረሻ በዳቦና በወይራ ተገላገልኳት።

የመኪናው የኋላ ግራ ጎን ቪቶን አስቸግሮታል። እጅ ሲያርፍበት ጧ ብሎ ይገባል፤ ሲለቁት ጧ ብሎ ይወጣል። ላሜራው ተለጥጧል። ስቱኮ ልሙላበት ይላል። ስቱኮ! እንዲህ በሚዘል ብረት ላይ በሳምንቱ ነው የሚረግፈው። በእሳትና በእርጥብ ጨርቅ ይሰበሰባል አልኩት። ‹ይሄ እጅ?› ብሎ እጁን አሳየኝ። ይንቀጠቀጣል።

ጁላይ 8 የተጋቡበት አርባ አምስተኛ ዓመት ነው። ያኔ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት በበቅሎ ጋሪ ነው አሉ። ‹ዘንድሮ በዚህ እወስድሻለሁ› ብሎ ቃል ገብቶላታል። ቀለም ቀቢው ደግሞ በኤፕሪል መጨረሻ ካላመጣህልኝ ሌላ ሥራ ይዣለሁ ብሎታል። ሁሉ ነገር ያቺን አንድ ጎን ነው የሚጠብቀው።

ያቺን ጎን በዓይኔ ስሠራት ዋልኩ። ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 1

መዶሻውን በእጀታው በኩል ዘረጋልኝ። ‹ዎባ፣ አንቺ ትሠሪዋለሽ?› ውብአለም ማለት አቅቶት ዎባ ነው የሚለኝ።

‹አይ... እኔ የት አውቄ። ይቅር› አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

‹ኦኬ› አለ።

ኦኬ! መዶሻውን መልሶ ሰቀለውና ስልክ ደወለ። አንድ ባለሙያ ማክሰኞ ኤፕሪል 18 መጥቶ ይሠራዋል። አለቀ። ኦኬ ብሎ ነገር ምንድን ነው?

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ለዘመድኩን ነገርኩት።

‹ፈልገሽ ነበር?›

‹አዎ።›

‹ታዲያ ለምን እምቢ አልሽ?›

‹ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ!›

ከሶፋው ሊወድቅ ነበር በሳቅ። ‹ውቤ፣ ፈረንጅ እኮ ነው! ፈረንጅ አንዴ ነው የሚጠይቀው።› አሱንታስ? ለላዛኛ አሥር ጊዜ ለመነችኝ እኮ! እውነተኛውን እምቢታዬን አልሰማ አሉ፤ የውሸቱን ወዲያው ሰሙ። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 5

ሥራ። ፓርኪንግ ሎቱ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ጎን ሳይ ዋልኩ። ይቺ ስቱኮ ናት... ይቺ ደግሞ ተቀጥቅጣ የተቃናች። አንዱ ሰውዬ ‹ምን ሆነብኝ?› ብሎ ወርዶ መኪናውን ዞረው። ምንም አልኩት። በሩ በስቱኮ የተሞላ ነው፤ ምን አገባኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 8

ጋራዡ በር ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። ከዚያ ገባሁና ‹እፈልጋለሁ› አልኩ።

‹ምን?›

‹ያን ጎን እኔ ልሥራው። ያኔ ይቅር ያልኩት ውሸቴን ነው።›

ፊቴ ፍም መሰለ። እንደዚህ ብዬ አፍ አውጥቼ ነገር ጠይቄ አላውቅም። ቪቶ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ‹ታዲያ ለምን ኖ አልሽ?› እንዲለምነኝ እንደጠበቅሁ ነገርኩት። አሱንታ ለምግብ ስንቴ እንደምትለምንም።

‹ምግብ ከሆነ አሥር ጊዜ እለምንሻለሁ› አለ። ‹ሥራ ግን አንዴ ነው። ለምኜ ያሠራሁት ሰው ጣቱን ሲቆርጥ አይቻለሁ።›

አንድ አሮጌ ፓራፋንጎ ከጥግ ጎተተ። እስከ አሥራ ሰባት ድረስ በዚህ አሳዪኝ አለ። ካቃናሁት ባለሙያውን ያስቀረዋል። ካላቃናሁት ጎኑን እንዳልነካው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 11

አበላሸሁት። ከሥራ መልስ ሦስት ሰዓት ሞከርኩ። አግላለሁ፣ እመታለሁ፣ ጨርቁን ሳነሳ ብረቱ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ይባስ ብሎ አበጠ። ቪቶ መሣሪያውን ሰብስቦ ሰቀለ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ምንድን ነው የረሳሁት?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 12

አባባ ጋ ደወልኩ። መዶሻ ይዣለሁ፣ ላሜራው ግን አልቃና አለኝ አልኳቸው።

‹ጨርቁን ማን ይዞልሻል?›

‹እኔው ነኛ።›

‹ሥራው የሁለት ሰው ነው እኮ! ያለ አንቺ እኔ መቼ ሠርቼው አውቃለሁ?›

እኔ ጨርቁን የሰጡኝ እግራቸው ስር እንዳልርመሰመስ ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ! ከአፌ አመለጠ፤ ‹ታዲያ መዶሻ ለምን ከለከሉኝ?›

‹እኔ? ሰጥቼሽ ነበር። ይቅርብኝ አልሽኝ።›

መቼ? ... ትዝ አለኝ። አሥራ አራት ዓመቴ። ሠራተኞቹ ምሳ ሄደው ነበር። አባባ አንድ ነገር ከኋላቸው ይዘው ‹ትሞክሪያለሽ?› አሉኝ። ሴት ልጅ፣ እንዴት ሳትለመን እሺ ትላለች? መሬት መሬት እያየሁ ይቅርብኝ አልኩ።

‹አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ ምን ነበር?› አልኳቸው።

‹ሴት ልጁን መዶሻ ያዢ ብሎ ይለምናል እንዳልባል ፈራሁ። ይሉኝታ ነው ልጄ...›

የስልክ ካርዱ ደቂቃ እያለቀ ነው። ‹አባባ፣ አሁን እፈልጋለሁ። መዶሻ ይስጡኝ። የእርስዎን› አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አልገባ አለ። ሰሙኝ ይሆን?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 13

ቪቶ ጨርቅ ያዘ። ፓራፋንጎው ተቃና። ባለሙያውን ‹ካንስል አድርጌዋለሁ› አለኝ። አሁን ሌላ ፍርሃት... ያኛው ትርፍ ብረት ነው። የቅዳሜው የአሥራ አንድ ዓመት ድካም ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 15

ጠዋት ጀመርን። የአንዲት ሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ እሳት። ቀላ። ዙሪያውን መታሁ፣ ቶሎ ቶሎ። ‹ጨርቅ!› ቪቶ ከተፍ። ጭስስስ... ለዚህ የእጁ መንቀጥቀጥ ምንም አይጎዳም። ደግሞ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ሌላ ሳንቲም። ‹ጨርቅ!› ሽማግሌ ላይ እየጮህኩ መሆኔን ያወቅኩት አሱንታ በበሩ ስትስቅብን ነው።

መሀል ላይ አንዷን አብዝቼ አግዬያት ላሜራው ተሸበሸበ። አሁን ጨረስኩት አልኩ፤ በዚያች ደቂቃ ጁላይን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሁሉን አየሁት። ቪቶ ጨርቁን ይዞ ይጠብቃል። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳሰስኩት፣ አባባ እንደሚያደርጉት። እብጠቱ የቱ ጋ እንደሆነ እጄ ነገረኝ። ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ...

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቪቶ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ተጫነው። ዝም። ደግሞ ተጫነው። ጧ የለም! አንዴ እኔን አንዴ ላሜራውን አየ። ከዚያ ያን ጥቀርሻ እጁን ፊቴ ላይ አድርጎ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም እልል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጋራዥ ውስጥ እልልታ! የማዶዋ ሴትዮ መጋረጃ ገለጠች። ትግለጥ!

እሑድ፣ ኤፕሪል 16

የእነሱ ፋሲካ። አሱንታ የበግ ጥብስ ይዛ መጣች። የእኛ በሚቀጥለው እሑድ ነው! ‹ትንሽ!›...

ሰኞ፣ ኤፕሪል 24

ዶሮ ወጥ ወሰድኩላቸው። ቪቶ አላበው፣ አለቀሰ፣ ጨመረ። አንዴም ሳልለምነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 8

መኪናዋ ቀይ ተቀባች። ቪቶ አስነሳት። አምላኬ... ጩኸቷ ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። ለካ እውነቱን ነው፣ ለሚጮህ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ይለፋል። አሱንታ ነጭ ሻርፕ አስራ ገባች። ቪቶ ከራቫት አድርጎ። ሲሄዱ ዓይኔ ያቺን ግራ ጎን ብቻ ነው የተከተለው። ፀሐይ ላይዋ ላይ ቀጥ ብላ ሄደች፣ አንድም ቦታ ሳትሰበር።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ‹ትነጃታለሽ?› አለኝ። አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ መሪው ላይ ነበርኩ። እስከ ኪል ስትሪት ነዳኋት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 22

የቪቶ ጓደኛ የታጠፈ የመኪና በር ተሸክሞ መጣ። የመኪናዋን ጎን አይቶ ማን ሠራው ብሎ ጠይቆ ነው። ‹ትሠሪልኛለሽ?› ‹እሠራለሁ።› ዘመድኩን ጆሮዬ ስር፤ ‹ኧረ ለወጉ እንኳ ትንሽ ተግደርደሪ!›

እሑድ፣ ጁላይ 30

ሥርጉት፣ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኘው ጓደኛዬ፣ አንድ ወር አዲስ አበባ ቆይታ ተመለሰች። ከአባባ እቃ አምጥታልኛለች። ‹በርበሬ መስሎኝ ነው እሺ ያልኳቸው! ክንዴን ገነጠለኝ እኮ› እያለች።

በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ፈታሁት።

አጭሯ መዶሻ።

ውስጡ ወረቀት አለ። የአባባ ጽሑፍ፣ ፊደሉ ሁሉ ወደ ግራ የተኛ። «ልጄ ውብአለም፣ ሰምቼሻለሁ። ይህቺን ያኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላሽ በእጅሽ ልክ ነው የቆረጥኳት። ይቅርብኝ ስትዪኝ መልሼ ሰቀልኳት። ለሌላ ሰው አልሰጠኋትም።»

የእኔ ነበረች። በየቀኑ ፊቴ ተሰቅላ፣ የማን ናት እያልኩ... ሥርጉት እያየችኝ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ቁጭት እኔም አልለየሁትም። ሁለቱም ነው።

ከሰዓት ያን በር ልሞክርባት ሄድኩ። እጀታዋ ለአሁኑ እጄ ትንሽ ታንሳለች፤ ግን ያዘችልኝ። ቪቶ አንገቱን አስግጎ ቆይቶ ቆይቶ እጁን ዘረጋ።

‹እኔ ልሞክራት?›

‹አይሆንም› አልኩት።

ሳቀና ጨርቁን ሊያረጥብ ሄደ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።