ለጨመሩልን «በ» የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የተቋማዊ ለውጥ፣ የአሠራር ንድፍና የዲጂታል ሽግግር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይም ዓይንዎ ከሩቅ የተጻፈን እንደሚያነብ፣ ጆሮዎም ከወዲያኛው ክፍል የተጠራን ስም እንደሚሰማ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እነዚህ ሁለቱ ለጎደሉት ሰው የሆስፒታላችን አዲስ አሠራር ጥቂት እንደሚከብድ ከቤተሰቤ ተምሬአለሁና።

እኔ የዚሁ ሆስፒታል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ የተቋማችን አርክቴክቸር በየትኛው መንገድ ይሠራ ተብሎ በተመከረበት ስብሰባ ላይ የሠራተኛው ተወካይ ሆኜ በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት ሰው ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች፣ የተቋም አርክቴክቸር ማለት ማን ምን እንደሚሠራ፣ ወረቀቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ኮምፒዩተር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በሣጥንና በቀስት የሚያሳይ የአንድ መሥሪያ ቤት ፕላን መሆኑን አማካሪዎ ያን ቀን በትዕግሥት አስረድተውናል። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የግምጃ ቤት ሰው ከዚህ ሌላ አጻጻፍ አያውቅም።

፩ኛ. ስለ ምርጫው። ያን ቀን ሁለት መንገዶች ቀረቡልን። የመጀመሪያው፣ ሦስት ወር ወስዶ በየክፍሉ እየዞሩ፣ ከየሠራተኛው ጎን እየተቀመጡ፣ የሚሠራውን በዓይን አይቶ ፕላኑን ከዚያ በኋላ መሣል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የምንመኘውን ሆስፒታል አስቀድሞ በወረቀት ላይ ጨርሶ፣ ያለውን ወደዚያ ማስገባትና አልገባም ያለውን መተው ነበር። እርስዎም «አሮጌውን ማጥናት አሮጌውን ማስታመም ነው» ብለው፣ በሚያስቀና አርቆ አሳቢነት ሁለተኛውን መረጡልን። አንዲት አንጋፋ ነርስ ከኋላ ሆነው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሴትዮዋ ስለ አርክቴክቸር ምንም ስለማያውቁ ይቅር እንደሚሏቸው አምናለሁ። ድምፅ ሲሰጥ ስምንት እጅ ወጣ። ስምንተኛው የእኔ ነው። ስብሰባው ረዝሞ ነበር፣ ርቦኝም ነበር፤ ደግሞ ከእረፍት ስንመለስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ግምጃ ቤቱ የእኛ ሰው ነው» ብለውኝ ነበር። ሰው በዚህችው ይታለላል።

፪ኛ. ስለ ካርድ ክፍሉ። በፕላንዎ ላይ ካርድ ክፍል የሚባል ሣጥን ስላልነበረ፣ ክፍሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋ። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩትን፣ እርሳስ ከጆሯቸው ስለማይለይ ሁላችን «ጋሼ እርሳስ» የምንላቸውን ሰውም ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እንዲቆጥሩ ስለመደቧቸው እናመሰግናለን። እኚህ ሰው ሐኪሙ በቀለም የማይጽፈውን ነገር ካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የመጻፍ መጥፎ ልማድ ነበረባቸው። «ደረጃ መውጣት አይችልም፣ ታች ይታይ»፤ «ለብቻዋ አትንገሯት፣ ልጇ ይምጣ»። በታላቅ እህቴ ካርድ ላይም «ጆሮዋ አይሰማም፤ ትከሻዋን ንኩ» ብለው ነበር።

ስለ እህቴ ጥቂት ልንገርዎ፤ በፕላንዎ ላይ አላየኋትምና። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝም እርሷ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታማ ጆሮዋ ጠፋ፤ ከዚያ ጀምሮ ሰው የሚላትን ከከንፈሩ ታነባለች፤ የእኔንማ ውሸት ገና ከአፌ ሳይወጣ ትይዘው ነበር። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ የዓይን ግፊት ይዟት በሆስፒታላችን ትታከም ጀመር። ከቅርብ ታያለች፣ ከሩቅ አታይም። ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ጋሼ እርሳስ ከክፍላቸው ወጥተው ትከሻዋን ነክተው ያስነሷት ነበር። ሦስት ጊዜ ግን ሥራ በዝቶባቸው ዘግይተው ሲደርሱ ሐኪሙ ተራዋን አልፎ ሌላ ሰው አስገብቶ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ካርዷ ላይ በእርሳስ አንዲት ቃል ጻፉ፦ «አልቀረችም»። መጥታለች፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ነበረች፣ ተራዋ ይጠበቅላት ማለት ነው። ቃሉን ካርድ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

፫ኛ. ስለ «በ»። ካርዶቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ ጽሕፈት ቤትዎ «የቃላት ማጽዳት» የሚባል ሥራ አከናወነ። «ጆሮዋ አይሰማም» የሚለው ሣጥን ስላልተገኘለት ተጣለ። «አልቀረችም» ግን ዕድለኛ ሆኖ ሣጥን ተገኘለት፤ የቀጠሮ ሣጥን። ያ ሣጥን ደግሞ የሚቀበለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ቀርባለች» ወይም «አልቀረበችም»። የጽሕፈት ቤትዎ ሊቃውንትም ቃሉን አይተው፣ የካርድ ክፍል ሰው መቼም ፊደል ይገድፋል ብለው፣ አንዲት «በ» ጨምረው አቀኑልን። በአንድ ቁልፍ፣ በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕመምተኞች መዝገብ ላይ። ለመጣ ሰው የተሰጠ ምስክርነት፣ ሳይመጣ በቀረ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ ሆነ። የተጨመረችው ፊደል አንዲት ብቻ በመሆኗ ቁጥብነትዎን አደንቃለሁ።

በአዲሱ አሠራር ሦስት ጊዜ ያልቀረበ ሰው ከቀዶ ሕክምና ተራ እንደሚሰረዝ ይታወቃል። እህቴ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ተራ ተይዞላት ነበር፤ ተሰረዘች። ሥርዓቱም ጨዋ ስለሆነ መሰረዟን ሊነግራት ሁለት ጊዜ ስልክ ደውሎላት፣ አለማንሣቷን መዝግቧል።

፬ኛ. ይህ ቁጥር የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው። ስምንት ወር ሙሉ «ገና ነው እንዴ?» ስትለኝ፣ «ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጠራሻል፤ እኔው ራሴ ያጸደቅኩት አሠራር ነው» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ መለስኩላት። ቆይታ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞር ጀመር፤ ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ስናወራ፣ «አፍህን ለምን ትሸፍናለህ?» አለችኝ። ሁለቱም እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ይዣት መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ስክሪኗን ወደ እኔ አዙራ «ሦስት ጊዜ አልቀረበችም» የሚለውን አሳየችኝ፤ ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም። የዓይን ሐኪሟ መርምራት ስትጨርስ «የሄደው አይመለስም፤ ቀደም ብላ ብትቀርብ ኖሮ» አለችኝ። እህቴ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ ሐኪሟ ያለችውን እንደ ወትሮዋ ከከንፈሬ ልታነብ ትጠብቅ ነበር። ደግሜ አልነገርኳትም። ብነግራትም አታየኝም ነበር። ክቡርነትዎ፣ ልቤ የተሰበረው እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ሁሉ በዚያው ልብ ነው።

የተሻሩት ካርዶች እንዲወገዱ በአርባ ስድስት ካርቶን ታሽገው የመጡት ወደ እኔው ግምጃ ቤት ነው፤ ተረክቤአለሁ ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ሁለት ቀን ፈልጌ ካርዷን አገኘሁ። ይዤው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረድኩና ጋሼ እርሳስን «በ ረስተው ይሆን እንዴ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ልጄ፣ እኔ በ አልረሳሁም። አልቀረችም ነው ያልኩት። ቁጭ ብላ ነበር እኮ!» አሉኝ። ካርዱን በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጥተውኝ አንሶላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

በመጨረሻም አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ። ካርቶኖቹ በመጪው ሐሙስ ተቆራርጠው እንዲወገዱ የሚያዘው ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ በታላቅ አክብሮት አልፈጽመውም። እህቴ ስትቀነስ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ይቀራል። አንዳንዱ አሁንም ቤቱ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ፣ ዘመዱም «ራሱ ይጠራሃል» እያለ የሚያጽናናው ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በስልክ ሳይሆን በሰው ተፈልገው ተራቸው እስኪመለስላቸው ድረስ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ከኪሴ አይወጣም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ እውነትዎን ነው። በዲሲፕሊን ቢጠይቁኝም እቀርባለሁ፤ አልቀርም። ጸሐፊዎ ሁለቱን ቃላት እንዳያቀላቅልብኝ ብቻ አደራ እላለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ የሚሥላቸው ሣጥኖች እንዲበዙ፣ ከሣጥኖቹም በአንዱ ውስጥ አንድ ቀን ሰው እንዲገኝ እየተመኘሁ፣

ምርጫዎን በእጁ ያጸደቀ፣ ውጤቱን በፊርማው የተረከበ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ታዛዥዎ የሆነ
የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለልብስ ማጠቢያ ክፍል

ማሳሰቢያ፦ አሁን ከእህቴ ጋር የምንነጋገረው መዳፏ ላይ በጣቴ ፊደል እየጻፍኩላት ነው፤ አዝጋሚ ሥራ ስለሆነ ረጅም ቃል አይሆንልንም። ትናንት «ተራዬን ማን ነው የሰረዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእርስዎን የሥራ መጠሪያ ልጽፍላት ጀምሬ ነበር፤ ገና «ተቋማዊ» ላይ ስደርስ ግራ ገብቷት እጇን ሰበሰበች። ስለዚህ መዳፏን መልሼ ከፍቼ «እኔ» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለት ፊደል ነው፤ ወዲያው ገባት።