ካርቶኑ ነው ኦርጅናል

ልጄ፣ ያለህበት ይቅናህ፤ ክፉ አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ግን ሊያሳብደኝ ነው።

የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልስበት መኪና የፍሬን ሸራው አለቀና አዲስ ገዛ። ካርቶኑን እያገላበጠ «ኦርጅናል ነው!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው እያፏጨ ሰፈሩን ያስበረግጋል። መካኒክ ባስጠራ ፈትቶ አየውና «እትዬ፣ ካርቶኑ ነው ኦርጅናል» ብሎ ሳቀ። ለካ ዕቃም ደረጃ አለው! የመኪናው አምራች የሚያወጣው ኦርጅናል አለ፤ ሌላ ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሠራው ደህና ተመሳሳይ አለ፤ የሰው ስም ለጥፎ የሚሸጥ ፎርጅድም አለ። «ተመሳሳዩ ይበቃችሁ ነበር፤ ይሄ ግን ሲግል አይይዝም» አለኝ።

ይህን ለአባትህ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ስለ ፍሬን ምን ታውቂያለሽ?» አይለኝም መሰለህ! የሰው ልጆች ጭኖ ያን ቁልቁለት ሊወርድ!

ስለዚህ ቁልፉን ደበቅኩት። እሱ ሶፋውን እየገለበጠ ድመቷን ይከሳል፤ ልጆቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። የኔ ጌታ፣ እኔን ባይሰማ አንተን ይሰማልና ደውለህ ሸራውን ቀይር በለው። «እሺ» ያለ ዕለት ቁልፉ ትተኸው ከሄድከው ካልሲ ውስጥ ይወጣል።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ በሄድክበት ሞገስ ይሁንህ። ብቻ ድመቷ ከቤት ሳትባረር ቶሎ ደውል።

እናትህ