ጠበቃውና አጣፊው ፕሮቲን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም ከጠበቃው ጋር ተጨቃጨቅን። የሕግ ሰው እንኳ አይደለም፤ ላብራቶሪው ውስጥ ከጎኔ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። "ውጭ ዝናብ ነው" ሲሉት "ማስረጃ?" የሚል ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ጠቡ ያው የድሮው ነው። ሕዋስ ውስጥ ጉልበት የምታመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሷ ዲኤንኤ አላት፤ ቀለበት የመሰለች ቀጭን ክር። ያቺን ክር ይዞ የሚያጥፋት፣ አጣጥፎም እሽግ የሚያደርጋት አንድ ፕሮቲን አለ። ስሙ ረጅም ስለሆነ "አጣፊው" እንለዋለን። (እስካሁን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።) እኔ በማይክሮስኮፕ ሳየው አጣፊው ክሯን ጭብጥ አድርጎ ይዟታል። እሱ ሲያየው ክሯ ልል ናት፤ እዚህም እዚያም ጎበጥ ብላ ተዘርግታለች። ያው ክር፣ ያው ፕሮቲን!

"ዓይንሽን ብትታዪ ይሻላል" አለኝ።

"አንተ ደግሞ እጅህን" አልኩት።

አለቃችን በበሩ ብቅ ብለው "ልጆች፣ ድምፅ!" አሉና አለፉ። ልጆች… እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አለቃችን ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠሩን። ከታኅሣሥ ወዲያ ላብራቶሪው ማቆየት የሚችለው አንዳችንን ብቻ ነው።

"ሁለት የሚጣሉ ውጤቶች ይዤ የትም አልሄድም" አሉ። "ልኩ የማን እንደሆነ አሳዩኝ። ባለቤቱ እዚህ ይቆያል።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ማባበል የለ፣ ማስተዛዘን የለ። ሴትዮዋ ሲያመሰግኑም የሚቆጡ ነው የሚመስሉት።

ስንወጣ ጠበቃው በሩን ከፍቶ "ቅደሚ" አለኝ።

"ለመሰናበት ነው?"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ መኪና መንዳት ስታስተምር የኖረች ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ተማሪ ስለሌላት እኔን ትነዳለች። ምሳ ላይ ስለ ጠበቃው እያወራሁላት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ቆይ እስቲ። እዚያ መሥሪያ ቤት ስንት ናችሁ?"

"ሰባት።"

"የሌሎቹን ስም እንኳ አላውቅም። የዚህን ግን የሹራቡን ቀለም ሳይቀር ነግረሽኛል።"

"ስለሚያናድደኝ ነዋ!"

"እኮ። ሰው ዝም ብሎ አይናደድም።"

አረንጓዴ ነው። ክርኑ ላይ ተተልትሏል። ይኸው ጻፍኩት፣ ምን ይጠበስ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ደግሜ ሠራሁት። ጭብጥ። እሱም ደገመው። ልል። ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳንባባል ዋልን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሐሳብ መጣልኝ… አይ፣ ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ። ሐሳቡ የእሱ ነው።

"ዕቃ እንቀያየር" አለ። "እኔ በአንቺ ጠርሙሶች ልሥራ፣ አንቺ በእኔ።"

"እንዳትሰብርብኝ።"

"እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያቸው።"

ምን ማለቱ ነው? ጠርሙሶቹን ነው አይደል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጉድ ነው! በእሱ ጠርሙስ ስሠራ የእኔም ክር ልል ሆነች። በእኔ ጠርሙስ ሲሠራ የእሱ ጭብጥ አለች። ጥፋቱ የዓይንም የእጅም አይደለም ማለት ነው። የጠርሙስ ነው።

ፕሮቲኑና ክሯ የሚገናኙበት ጨዋማ ውሃ አለ፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እናዘጋጃለን። ጨው ከመጠን ሲያልፍ አጣፊው እጁ ይላላል፤ ክሯን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ወይ የአንዱ ጨው በዝቷል፣ ወይ የአንዱ አንሷል። የማን?

ሁለታችንም ጠርሙሶቹን አየናቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብቼ ጨዉን ለካሁ። የእኔ ልክ ነው። የእሱ እጥፍ!

አሸነፍኩ። እልል ማለት ነበረብኝ። ምን ነካኝ? ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ጠርሙሱን ያዘጋጀ ዕለት ነው። አንዴ የጨመረውን ረስቶ ደግሞ ጨምሮ ይሆናል። ሰው በወሬ ይዞት… ማን ይሆን ያን ጊዜ አጠገቡ ቆሞ ሲነታረከው የነበረው? ከእኔ ሌላ ማን አለ!

መጀመሪያ ለራሱ ልነግረው ቆረጥኩ። ለአለቃችን ከመድረሱ በፊት፣ ብቻውን። ጠበቅኩት። አልመጣም። ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪው ስብሰባ ሊጀመር ሲል ነው ከች ያለው። ሳይቀመጥ ተናገረ።

"ትናንት ከወጣችሁ በኋላ ለካሁት። የእኔ ጠርሙስ ባሕር ነው። ያን ምስኪን ፕሮቲን ጨው ውስጥ እያሰጠምኩ 'ለምን አትይዝም?' እያልኩ ስወቅሰው ከርሜያለሁ። ልኩ የእሷ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። ዝም ማለት ይችል ነበር እኮ… አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንዲህ የሚናገር ሰው ማጣት ያናድዳል" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ጠየቀኝ።

"አውቀሽ ነበር?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ለአንተ ልነግርህ ነበራ።"

አየኝ። "አመሰግናለሁ" አለኝ። እሱ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሌላ ከተማ ያለ ላብራቶሪ ተቀበለው። ዛሬ ሄደ።

"እኔ አደርሰዋለሁ" አለች እማዬ። ማን ጠየቃት? እሱን ከፊት አስቀመጠችው፤ እኔን ከሻንጣዎቹ ጋር ከኋላ ጠቀጠቀችኝ።

"ቀበቶ!" አለችው። እንደ ተማሪ ደንግጦ አሰረ።

"በል ይህ የምትጣሉበት ነገር ምን እንደሆነ በሰው ቋንቋ ንገረኝ።"

ነገራት። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ነው ሲላት መሪውን ለቃ ልታጨበጭብ ምንም አልቀራት።

"ስለዚህ የልጄ ጉልበት የእኔ ነው?"

"እሱ እንኳ… አብዛኛው መመሪያ ያለው በሌላው ዲኤንኤ ውስጥ ነው፣ ከአባቷም የመጣ—"

"ተው፣ ተው! መጀመሪያ ያልከው ይበቃኛል።"

መናኸሪያው ላይ ሻንጣውን እያነሳ "አሁን ከማን ጋር ልትጨቃጨቂ ነው?" አለኝ። "ሰው አይጠፋም" አልኩት። ምናለ ሌላ ነገር ብል? አውቶቡሱ ሄደ።

ስንመለስ እማዬ ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ። እማዬ! ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

በምናገረው ሁሉ ሰው ይስማማል። እንዴት ያስጠላል!

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ተሳስተሻል።"

ልቤ ዘለለ። በደስታ። ተሳስተሻል ተብሎ ደስ የሚለው ሰው አለ?

"ጨዉን አስተካክዬ ሠራሁት" አለ። "አጣፊውን ግን በአንዴ አልጨመርኩም፤ ቀስ በቀስ። አንድ መጠን ላይ ሁሉም ክር አይታሸግም። ከፊሉ ጭብጥ፣ ከፊሉ ልል፤ እዚያው ጎን ለጎን! አንቺ አብዝተሽ ስለምትጨምሪ ነው ሁሉም ታሽጎ የሚታይሽ።"

"ማለት… የታሸገው ተቀምጦ ይቆያል፣ በልሉ ላይ ያለውን መመሪያ ሕዋሱ ያነበዋል?"

"ሊሆን ይችላል እንጂ፣ ነው አላልኩም።"

ጠበቃ! አሁን እማዬ በበሩ አልፋ "ማን ነው?" አለችኝ። "የሥራ ነው" አልኩ። "እሺ" አለች። ያ "እሺ" ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

አጣፊውን ቀንሼ ሠራሁ። ከፊሉ ጭብጥ፣ ከፊሉ ልል። ደወልኩለት።

"ልክ ነህ።"

ማስረጃ እስኪጠይቅ ጠበቅኩ።

"ሃሎ? ተቋረጠ?"

"አልተቋረጠም። እስቲ ድገሚልኝ።"

ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ። ብዙ አወራን። ስለ ፕሮቲን… በመጀመሪያ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

አለቃችን ሁለቱንም ውጤት አዩ። የምርምሩን ጽሑፍ አብረን እንድንጽፍ ፈቀዱ። ታዲያ ምስሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል፣ እሱ ወዳለበት መሄድ አለብኝ አልኳቸው።

"በኢሜይል አይላክም?"

"ይደበዝዛል።"

"ለሥራ ነው?"

"ለሥራ ብቻ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ፀጉርሽን የተሠራሽውም ለሥራ ነው?"

ፊቴ ጋለ። "አዎ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

የጠየቅኩት ሁለት ቀን ነበር። "አምስት ይሁን" አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።