ጣሪያ ስለሆነው ፊትዎ

ጣሪያችን ተገኘ! እልል በሉ ጎረቤቶች፣ የመዋለ ሕፃናታችን ጣሪያ ተገኘ!

ይቅርታ ክቡር ከንቲባ፣ ደስታው ከሰላምታው ቀደመብኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በየአደባባዩ የተሰቀለው ፎቶዎስ ደህና ነው? እኔ ከመዋለ ሕፃናቱ አጥር ሥር ልብስ የምሰፋ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የልጅ ልጄን ጃንጥላ አስይዤ ክፍል ውስጥ የማስቀምጥ ሴት ነኝ። የጻፍኩት ላመሰግንዎ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ለጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚገዛ በስብሰባ ቃል ገብተውልን ነበር። ቆርቆሮ ግን ዝናብ ሲመታው ተንጫጭቶ ልጅ ያስደነግጣል። እርስዎ ይህን አስበውልን ነው መሰለኝ፣ ድምፅ የሌለው ወፍራም ሸራ አስገዙልን። ፈገግ ያለ ፊትዎና የፓርቲዎ ምልክት ታትሞበት መገኘቱን እንደ ምራቂ ቆጥረነዋል።

፪. የመጋዘን ኃላፊዎን አደራ እንዳይቆጡብኝ። ባልዲና መጥረጊያ እንኳ ማኅተም ሳያሳርፍበት የማያስወጣ ጥንቁቅ ሰው ነው። በምርጫ ቅስቀሳው ማግስት ነፋስ ሜዳ ላይ ጥሎት ያገኘነውን ሸራ ገልበጥ ብናደርገው፣ ጀርባው ላይ «የከተማው አስተዳደር ንብረት፣ ለመዋለ ሕፃናት ጣሪያ ማደሻ» ይላል። እኛም ሕግ አክባሪዎች ነንና ወደተባለው ቦታ አደረስነው። ነፋሱ ለሁለት ሰንጥቆት ስለነበር እኔ በስፌት መኪናዬ ገጠምኩት፣ አናጢው ባለቤቴ ደግሞ ማኅተሙን ወደ ሰማይ፣ ፊትዎን ወደ ልጆቹ አድርጎ ቸነከረው።

፫. ትናንት የፓርቲዎ አስተባባሪ እስከ ሱቄ ድረስ ደክመው መጥተው፣ «እትዬ፣ የእኛ ንብረት ነው፣ ዛሬውኑ ይውረድ!» ብለው ስለጮኹብኝ አመሰግናለሁ። እሺ ብያለሁ፤ መቼ እምቢ አልኩ? ብቻ የፓርቲው ከሆነ በማን ገንዘብ እንደተገዛ፣ የአስተዳደሩ ከሆነም ፓርቲው ምን አግብቶት እንደሚያስወርደው፣ በፊርማዎ አንድ ወረቀት ይላኩልን። ወረቀቱ በደረሰን ሰዓት ባለቤቴ መሰላሉን ያቆማል። እስከዚያው የልጅ ልጄ ደረቅ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበርና የማያፈስ ጣሪያ እየተመኘሁልዎ፣ ከላቀ አክብሮት ጋር፣

ፊትዎን በገዛ እጇ የሰፋች አክባሪዎ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ስፌቱ አፍዎ ላይ ስላረፈ ይቅርታ፤ የተቀደደው እዚያ ላይ ነው። ዓይንዎ ላይ ደግሞ ምስማር ስለገባ ዝናብ ሲበረታ ጠብ ጠብ ይላል፣ ልጆቹም ቀና ብለው «ጋሼ ለእኛ አለቀሱ!» ይላሉ። ሪባኑ ተዘጋጅቷል፣ መቀሱም የእኔው ነው። ምርቃቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ማንም እንዳይቀር!